የ4ኛ ክፍል ልጆችን የዓመቱን ትልልቅ ዜና እንዴት ታስተምራላችሁ? (ከደሴ)

ጠመኔ — ጥር 23 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ደሴ ነኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 4ኛ ክፍል፣ የጠዋት ፈረቃ፣ 61 ልጆች። አካባቢ ሳይንስና ግብረ ገብ አስተምራለሁ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ክፍለ ጊዜዎች ለዓመቱ ዜና ልሰጥ አስቤአለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ህዳር 15፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ገና ስም እየጠራሁ አንድ ልጅ ከኋላ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ እሳተ ገሞራው ወደኛ እየመጣ ነው። ጭሱን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ!» ክፍሉ ተነሣ። አንዷ በመስኮት የጦሳ ተራራን ማየት ጀመረች፤ እሳቱ ከዚያ የሚወጣ ይመስል።

እኔ ምን አልኩ? «ዝም በሉ! ደብተር አውጡ!»

ደብተር አወጡ። አፋቸው ዝም አለ፤ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ቀረ። ማታ ቤቴ ገብቼ ካርታ ሳይ እሳተ ገሞራው፣ የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ፣ ከደሴ በቀጥታ መስመር ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አመዱም ወደ ቀይ ባሕርና ወደ የመን ነው የነጎደው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልነግራቸው እችል ነበር። ምን ላድርግ፣ አላወቅሁማ።

እና እባካችሁ፦ የትኞቹን ዜናዎች ልምረጥ? ሳላስደነግጥ እንዴት ልንገር? ነገሩ ወደማይሆን ቦታ ቢሄድብኝስ? (ታውቁታላችሁ።)

አንድ ነገር ልበል — ጥር 23፣ ከምሽቱ 2:41

እህቴ፣ 61 ልጅ፣ 40 ደቂቃ፣ ምናልባትም ለሁለት ልጅ አንድ መጽሐፍ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ይዘት ጨርሰሻል? እኔ አልጨረስኩም። ዜና የቤተሰብ ሥራ ነው። እኛ ክፍልፋይ እናስተምር።

ጠመኔ — ጥር 23፣ ከምሽቱ 2:48

ይዘቱን አልጨረስኩም፤ አልዋሽም። ግን ቤተሰብ ይነግራቸዋል ያልከው ላይ አልስማማም። ከቤተሰብ የሚሰሙት አባት ስልክ ሲያወራ በጎን የደረሳቸውን ነው። ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ራሳቸው ይሞሉታል።

የሁለት ልጆች እናት — ጥር 23፣ ከምሽቱ 3:05

መምህር አይደለሁም፤ ይቅርታ ዘው ብዬ ከገባሁ። ኮምቦልቻ ነኝ።

አምና በታህሳስና በጥር የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲወራ ትልቋ ልጄ ጫማዋን አድርጋ መተኛት ጀመረች። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር። ማታ ሳወልቅላት ትነቃና መልሳ ታደርጋለች። አንድ ሳምንት ያህል ቆይታ ነው የነገረችኝ፦ «እማ፣ ያኔ ስንሮጥ እኮ ባዶ እግሬን ነበርኩ።» ያኔ ያለችው የጦርነቱን ጊዜ፣ 2014ን ነው። 5 ዓመቷ ነበር። የማታስታውስ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ስትነግሯቸው፣ በሞቴ፣ የወሎ ልጆች መሆናቸውን አትርሱ። ለሌላ አገር ልጅ «ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ» ዜና ነው። ለኛ ልጆች ትዝታ ነው።

ጠመኔ — ጥር 23፣ ከምሽቱ 3:12

የኔ እህት፣ አንጀቴን በላሽው። አሁን ደህና ናት?

የሁለት ልጆች እናት — ጥር 23፣ ከምሽቱ 3:20

አልሐምዱሊላህ። የረዳት ምን መሰለሽ? አባቷ ካርታ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አዋሽ ፈንታሌ የት እንደሆነ፣ እኛ የት እንደሆንን በጣቷ ለካችው። በማግስቱ ጫማውን አልጋ ሥር አደረገችው። እግሯ ላይ አይደለም፣ ግን ቅርብ። እስካሁን እዚያው ነው የምታስቀምጠው።

የድሮ መምህር — ጥር 24፣ ከጠዋቱ 1:30

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ወረኢሉ ነኝ። የእናቲቱን ጽሑፍ አንብቤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው አሁን የምጽፈው።

በ1977 ጀማሪ መምህር ነበርኩ። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ከኮረም የተላከ የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። እንግዲህ የዓመቱ ትልቅ ዜና እኛው ነበርን ማለት ነው። ፈረንጅ አገር ያሉ ልጆች በክፍላቸው ስለኛ ተምረው ይሆናል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ አንድም ቀን ምን እየሆነ እንዳለ አልነገርኳቸውም። ዝናቡ የት እንደቀረ፣ እህሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ጓደኛቸው ለምን እንደማይመጣ፣ ምንም። ስም ስጠራ መልስ ከሌለ አልፌ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ልጆቹም አይጠይቁኝም። የማይጠየቅ ነገር መሆኑን ከኔ ተምረውት ነው።

መምህርት፣ አንቺ «ደብተር አውጡ» ብለሽ ማታ ጸጸተሽ። እኔን ከ40 ዓመት በላይ ሲጸጽተኝ ኖሯል። አስተምሪ።

የባቲው — ጥር 24፣ ከጠዋቱ 4:15

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት።

እኔ ባቲ ነኝ፤ አማርኛ ነው የማስተምረው። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ክፍሉ ይሳሳል። (ሱፐርቫይዘር ካለህ አላልኩም።) ማክሰኞ ሲመጡ ግን ወሬ ተጭነው ነው የሚመጡት። ከሚሌ፣ ከሎጊያ፣ ከሐርቡ፣ ከየት የማይመጣ አለ! መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ይሄ ሁሉ ትምህርት በእጄ እያለ ለምን እጣላዋለሁ አልኩ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ለማታውቁት፦ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ረጋ ብለው ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ዘነበ? ግጦሽ የት አለ? ማን ታመመ? መንገዱ ሰላም ነው? ሰሚው ደግሞ ዝም ብሎ አይውጥም። አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከማን? መቼ? ይላል። ነገ በዚያ ወሬ ከብቱን የሚነዳ ሰው አለና። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሳው ይጠየቅበታል።

ክፍል ውስጥ ይህንኑ ነው ያደረግኩት። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይጠይቃል። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፦ «አየሁ» እና «ሰማሁ»። ሁሉም ዜናውን በቦታው ያስጽፋል።

አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ በስልክ ያየሁት የት ይጻፍ?»

በቃ፣ ቆምኩ። ጠመኔውን ይዤ። እውነትም የት ይጻፍ? ጥያቄውን ለልጆቹ መለስኩላቸው። ተከራከሩ። ግማሹ «በዓይኗ ካየች አየች ነው» አለ። አንዱ የአፋር ልጅ ግን «እዚያ አልነበርሽም፤ ስልኩ ነው የነገረሽ» አላት። ቀሪው ክፍለ ጊዜ በዚህ አለቀ። መጨረሻ ላይ «ሰማሁ» ሥር ይጻፍ ተባለ፤ ግን በቅንፍ «ከስልክ» ተብሎ።

ጠመኔ፣ ያ ልጅሽን ጠይቂው። ጭሱን የት ነው ያየው?

ጠመኔ — ጥር 24፣ ከቀኑ 7:02

ወላሂ እስካሁን አልጠየቅሁትም! ሰኞ ማርክ ለመውሰድ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

የአምባሰል ልጅ — ጥር 24፣ ከቀኑ 8:30

ወሎ ውስጥ ሆናችሁ ስለ ወሬ ማጣራት ስታወሩ ውጫሌን ረሳችኋት? 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ። የአማርኛው «ብትፈልግ በኢጣሊያ በኩል ትላላክ» ይላል፣ የኢጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ክተቱም ወረኢሉ ላይ ነበር፣ ጋሼ አገር።

ለ4ኛ ክፍል ቀላል ነው። ለሁለት ልጅ አንድ ወሬ በሁለት ወረቀት ትሰጫለሽ። አንዱ ላይ «ከፈለጋችሁ ነገ ትመጣላችሁ»፣ ሌላው ላይ «ነገ ትመጣላችሁ»። ሁለቱም ጮክ ብለው ያንብቡ። ጸቡን ራሳቸው ያስነሡታል።

አንድ ነገር ልበል — ጥር 24፣ ከቀኑ 9:10

እሺ፣ ዳጉው ደስ ይላል። ግን ማንም የማይነካውን ልንካው። የዓመቱ ዜና ስትሉ ልጆቹ የሚያነሡት የሩቁን እሳተ ገሞራ ብቻ ይመስላችኋል? ባለፈው ሳምንት መንገድ ለምን እንደተዘጋ ቢጠይቁሽስ? ተኩስ ሰማን ቢሉሽስ? ያንን «አየሁ» ሥር ልትጽፊው ነው? ማታ አንዱ ቤቱ ሄዶ «ቲቸር እንዲህ አለች» ቢልስ? እኔ ልጅ አለኝ፣ ደሞዝ አለኝ (ሲመጣ)።

የባቲው — ጥር 24፣ ከቀኑ 9:25

እውነት ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ አልጽፈውም። ሳጥን አለኝ፣ የጫማ ካርቶን ነው። በክፍል ልመልሰው የማልችለውን ጥያቄ ጽፈው ይከቱታል። ስም አይጻፍም። ብቻዬን አነበዋለሁ። ከልጁ ጋር ማውራት ካለብኝ በእረፍት ሰዓት ጠራ አድርጌ አወራለሁ።

አንድ ነገር ልበል — ጥር 24፣ ከቀኑ 9:31

ስም ካልተጻፈ የማን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

የባቲው — ጥር 24፣ ከቀኑ 9:33

በእጅ ጽሑፍ ነዋ። የ«ጠ»ን እግር ማን እንደሚያጣምም የማያውቅ የአማርኛ መምህር አለ?

የድሮ መምህር — ጥር 24፣ ከቀኑ 11:50

«አንድ ነገር ልበል» ያነሣኸው ተገቢ ነው፤ ፈሪ አትባልም። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን መምህር በ4ኛ ክፍል አይፈርድም። ልጁ የሚጠይቅህ ግን ብዙ ጊዜ ያንን አይደለም። «ወደኛ ይመጣል ወይ?» ነው የሚለው። «አይመጣም» ብለህ አትማል። ነገ ከመጣ ቃልህ ይረክሳል። «ምንም የለም» አትበል፤ ድምፁን ሰምቷል። እኔ ዛሬ ብሆን «አዎ፣ ሰምቻለሁ። እናንተን መጠበቅ የትልልቆች ሥራ ነው። እዚህ ሳላችሁ እኔ አለሁ። አንድ ነገር ከሆነ የምንሄደው በዚህ በር፣ የምንሰበሰበው እዚያ ዛፍ ሥር ነው» እላለሁ። በሩን አሳየዋለሁ። ልጅ በር ሲያውቅ ይረጋል።

የሁለት ልጆች እናት — ጥር 24፣ ከምሽቱ 1:15

አብሽሩ አባቴ። በሩ የጫማዋ ነገር ነው።

በሽሎ ማዶ — ጥር 25፣ ከጠዋቱ 3:40

ሰላም ነው? ኩታበር አካባቢ ሂሳብ አስተምራለሁ። ነገሩ ከበደብኝና ትንሽ ላቅልላችሁ፤ የህዳሴ ግድቡን እንዴት እንዳስተማርኩ ልንገራችሁ። የዓመቱን ዜና ምረጡ ብትሉኝ መጀመሪያ የማነሣው እሱን ነው። እነዚህ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ ግድቡ እየተሠራ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ አልተወለዱም፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 10 ዓመት ሞላቸው። ወላጆቻቸው ወደ 8100 አጭር ቁጥር መልእክት የላኩበት፣ እኛም ደሞዛችንን ያዋጣንበት ነው።

መጀመሪያ ግን ቅሌቴን ልናዘዝ። ሰሌዳ ላይ «ግድቡ የሚገኘው በጎጃም…» ብዬ ጀመርኩ። አንድ ቀጭን ልጅ «ቲቸር፣ ጉባ አይደለም እንዴ? ቤኒሻንጉል ጉሙዝ?» አለኝ። አጠፋሁት። «ለመፈተን ነው» አላልኩም። ልል ነበር፣ ወላሂ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን ለ10 ዓመት ልጅ ብትነግሩት «እሺ» ይላችኋል። 74 ሚሊዮን ብትሉትም «እሺ» ነው። ስለዚህ አራት ዱላና ገመድ አመጣን። ጥግ ላይ በወርድም በርዝመትም በከፍታም 1 ሜትር የሆነ ሣጥን በገመድ ሠራን። ሦስት ልጆች ገብተው ቁጭ አሉበት። ከዚያ «ይህን ለመሙላት ስንት ጀሪካን ይበቃል?» አልኩ። ጀሪካን ያውቃሉ፤ ትከሻቸው ያውቀዋል። 10 አሉ፣ 15 አሉ። ባለ 20 ሊትሩ 50 ነው! «50?!» አለች አንዷ፣ እንደ ተሰደበች። በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ከቦኖ የምታመጣ ልጅ ናት። 25 ቀን ማለት ነው ለአንዷ ሣጥን።

ከዚያ 74 ቢሊዮንን በ50 አባዙ አልኳቸው። ዜሮው ከሰሌዳው ጫፍ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተጻፈ። (ርዕሰ መምህሩ አይቶታል። አልወደደውም።)

በጣም የወደዱት ግን ሌላ ነው። «የኛ ዝናብ እዚያ ይደርሳል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ይደርሳል! የኛ ጎርፍ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎ አባይ ይገባል። ግን በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው ቦርከና ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፣ ባሕር እንኳ አያይም። የሁለት ጎረቤት ወረዳ ዝናብ በሁለት አቅጣጫ ይለያያል። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግቢው ውስጥ የሚወርደውን ውሃ እያዩ «ሂድ! ጉባ!» እያሉ ይጮሃሉ።

ጠመኔ — ጥር 25፣ ከጠዋቱ 4:05

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የደሴ ልጆች ምን ሊሉ ነው እንግዲህ? «ሂድ! አቤ!»?

የአምባሰል ልጅ — ጥር 25፣ ከጠዋቱ 4:20

አንድ ነገር ልጠይቅ። ግድቡ የ2017 ዜና ነው የ2018? ጳጉሜ 4 የተመረቀ ነገር አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። «የዓመቱ» ስትሉ የማን ዓመት? በታህሳስ የውጭ ጣቢያዎች የዓመቱን ዜና ሲደረድሩ ልጄ «ዓመቱ አለቀ እንዴ?» አለኝ።

በሽሎ ማዶ — ጥር 25፣ ከጠዋቱ 4:26

ለኔ ዓመቱ ከሰኔ እስከ ሰኔ ነው። መምህር ሌላ አቆጣጠር የለውም።

ፉጨት — ጥር 25፣ ከቀኑ 6:50

ከወልድያ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። እኛን ማንም አይጠይቀን፤ ግን ስፖርትም ዜና ነው።

መስከረም 4 ቶኪዮ ላይ፣ በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የሴቶች ማራቶን ነበር። ትእግሥት አሰፋ በ2 ሰከንድ ነው ወርቁን ያጣችው፤ 2:24:45 ገባች፣ ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር 2:24:43። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ 2 ሰከንድ! በዚያው ቀን ዮሚፍ ቀጄልቻ በ10 ሺህ ሜትር በ6 መቶኛ ሰከንድ ተቀድሞ ብር ወሰደ። አገራችን ከዚያ ሻምፒዮና ያለ ወርቅ ተመለሰች።

ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ «2 ሰከንድ ምን ያህል ነው?» አልኩ። አንዷን ቀድማ እንድትሮጥ አደረግኩ፣ «አንድ… ሁለት…» ብዬ ሁለተኛዋን ለቀቅኳት። ሲያዩት ሩቅ ሆነባቸው። 6 መቶኛውን ላሳያቸው ብሞክር አልቻልኩም። ጭብጨባ እንኳ ይበልጠዋል። «ታዲያ በምን አወቁ?» አለኝ አንዱ። መድረሻው ላይ ስላለው ካሜራ ነገርኩት። አሁን በእረፍት ሰዓት እየሮጡ «ካሜራ! ካሜራ!» ይላሉ፤ አንዱ ልጅ በጣቶቹ ካሜራ ሠርቶ መስመሩ ላይ ይተኛል። ሁልጊዜ ለወንድሙ ነው የሚፈርደው።

በነገራችን ላይ፣ መሸነፍን እንደ ዜና ማስተማር ጥሩ ነው። እኛ ቤት ዜና ማለት ድል ብቻ ነው።

ነጭ ጋውን — ጥር 25፣ ከምሽቱ 2:00

የጤና ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ላክል፤ ሁላችሁም የዜናውን መጀመሪያ እያወራችሁ ነው።

ህዳር 5 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተነገረ። ያን ሰሞን ስንት ልጅ ፈርቶ ወደኛ መጣ መሰላችሁ። አፍንጫው የደማ ሁሉ ማርበርግ ነው ተብሎ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት፣ ጥር 18፣ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ተማሪዎቻችሁ ውስጥ ማብቃቱን የሰማ ስንት አለ? የኔ የራሴ ልጅ አልሰማም። እሷ ጭንቅላት ውስጥ በሽታው አሁንም አለ። መጥፎ ዜና እየጮኸ ይገባል፣ ሲወጣ ማንም አያየውም።

እንዴት እንደሚያበቃም ንገሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ከመጨረሻው ታማሚ በኋላ 42 ቀን ይቆጠራል። አዲስ ሰው ካልተያዘ አለቀ ማለት ነው። ልጆች መቁጠር ይወዳሉ።

የባቲው — ጥር 25፣ ከምሽቱ 2:14

ይሄንን ሰረቅኩህ። ሰሌዳዬ ላይ ሌላ ዓምድ ልጨምር ነው፦ «አለቀ ወይስ አላለቀም?»

የሁለት ልጆች እናት — ጥር 25፣ ከምሽቱ 2:40

አሁን ልጄን ጠየቅኋት። «ማርበርግ? አዲስ አበባ ደርሷል አሉ» አለችኝ። ማን አለሽ? «እነሱ።» ማርያምን፣ እነዚህ «እነሱ» የሚባሉት ሰዎች አንድ ቀን ባገኛቸው!

ጠመኔ — የካቲት 14 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 1:30

ጠፋሁባችሁ አይደል? ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፣ ዕዳ አለብኝ።

መጀመሪያ ልጁ። ማርክ ሊወስድ ሲመጣ «ጭሱን የት ነው ያየኸው?» አልኩት። «አጎቴ ስልክ ላይ።» ምን ዓይነት ነበር? «ቀይ እሳት እንደ ወንዝ እየፈሰሰ፣ መኪና ሲያቃጥል።» የሃይሊ ጉቢው ፎቶ ላይ ያለው እኮ ግራጫ አመድ ነው፣ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የወጣ። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹን አመድ አለበሰው እንጂ አስፋልት ላይ መኪና ሲያቃጥል አላየንም። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አሳየሁት። ብዙ አየ። ከዚያ «አጎቴን ዋሽተኸኛል ልበለው?» አለኝ። አይ፣ አጎትህም ከሌላ ነው የደረሰው አልኩት። «እሱን ማን ላከለት?» አለ። መልስ የለኝም። ክፍል ውስጥ ይህን ራሱ እንዲያወራ ጠየቅሁት፣ እሺ አለ። ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር የተናገረው፤ እንደ ተታለለ ሰው ሳይሆን እንደ ደረሰበት ሰው።

ካርታው ላይ አመዱን ተከተልነው። ቀይ ባሕር፣ የመን፣ ኦማን፣ ፓኪስታን፣ ህንድ። ህንድ በረራ መሰረዙን ስነግራቸው ዝም አሉ። «ከኛ ጎረቤት ተነሥቶ?» አለች አንዷ። አፋርን ጎረቤት ብላ ስትጠራ ደስ አለኝ።

ድንቅነሽንም አስገባኋት። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ፕራግ ለኤግዚቢሽን ሄዳ ነበር፣ ሰላም ከምትባለው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር። «አጥንት ፓስፖርት አለው?» የሚል ጥያቄ ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ። (ሳጥኑን ወስጃለሁ የባቲው፣ የብስኩት ካርቶን ነው።) ሐዳር በተገኘችበት ዘመን የወሎ ክፍለ ሀገር እንደነበረ ስነግራቸው ደግሞ ጉድ ፈላ፤ ወሎዬ ናት ብለው በጭብጨባ አጸደቁ። አፋሮች ይቅር ይበሉን።

ሳጥኑ ውስጥ ሌላም ነበር። አንዱን እዚህ አልጽፈውም። እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል፣ በጣም ተጭኖ ነው የጻፈው። የጋሼን ቃል ነው የተጠቀምኩት። ልጁን ይዤ ወጥቼ በሩን አሳየሁት። ወደ ሜዳው የሚያወጣው የኋላ በር ተቆልፎ ነበር። ለዩኒት ሊደሩ ተናገርኩ፣ ቁልፉን ሲፈልጉ ሁለት ቀን ፈጀ። አሁን ተከፍቷል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሁሉም የራሱን የዓመቱን ትልቅ ዜና አንድ አንድ ጻፈ። ግድቡን የጻፈው 17 ልጅ ነው። እሳተ ገሞራ 14። ትእግሥት 4። የቀሩት 26 ምን ጻፉ መሰላችሁ? «አክስቴ ከሚሴ ወለደች።» «ዘይት ተወደደ።» «ሰፈራችን ቧንቧ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ።» «ወንድሜ ዐረብ አገር ሄደ፣ ደወለ።» «አባዬ ተመለሰ።» ሁሉም ሰሌዳው ላይ ወጣ፣ «አየሁ» ሥር።

የድሮ መምህር — የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:05

በሩ ተከፈተ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አላህም ማርያምም ይስጡሽ ልጄ።

የአምባሰል ልጅ — የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:20

ቆይ ቆይ! ልጁ ብድግ ያለው ህዳር 15 ነው ብለሽ ነበር። ድንቅነሽ እኮ የተገኘችው ህዳር 15 ቀን 1967 ነው! ያን ቀን ብታውቂ ኖሮ…

ጠመኔ — የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:24

ያን ቀን ባውቅ ኖሮም «ደብተር አውጡ» ነበር የምለው። በጣም ደንግጬ ነበር።

አንድ ነገር ልበል — የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:50

እሺ ተሸነፍኩ። በግማሽ። ዘይት ተወደደ ያለው ልጅ ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ ጽፎ ከሆነ ለክፍልፋይ ትምህርቴ እፈልገዋለሁ። የሰሌዳውን ፎቶ ላኪልኝ።

ጠመኔ — የካቲት 14፣ ከምሽቱ 2:53

ፎቶ ሳላነሣው የከሰዓቱ ፈረቃ መምህር አጥፍቶት ጠበቀኝ። ሂሳብ ነው የሚያስተምረው። ክፍልፋይ።